መምህር ሂርጳ እና አገረ ውል

የደመወዝ ቀን ሲደርስ መምህር ሂርጳ ፊቱ ይጠቁር ነበር። ባምባሲ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ስላስተማርን አውቀዋለሁ፤ እሱ ኢኮኖሚክስ፣ እኔ ታሪክ። ግብሩ፣ ጡረታው፣ ከዚያ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው «በፈቃደኝነት» የሚቆረጥበት መዋጮ ተቀናንሶ የቀረውን ሲያይ፣ «ሌባ እንኳ ሰርቆህ አመስግነኝ አይልም» ይላል። ወለጋ ተወልዶ በልጅነቱ ወደዚህ የመጣ፣ ሰው የማይጎዳ፣ ክርክር ግን የማይለቅ ሰው ነበር።

በዚያ ንዴት መጽሐፍ ጻፈ። አራት ደብተር ሞልቶ ስሙን «አገረ ውል» አለው። መንግሥት የሌለበት አገር ነው። ግብር የለም፣ ቀበሌ የለም፣ ማኅተም የለም። መንገዱን ነጋዴ ይሠራዋል፤ ዳኛውን ባላጋራዎቹ ተስማምተው ይቀጥሩታል፤ ሐኪሞቹ በሽተኛ ለማግኘት ስለሚሽቀዳደሙ የሕክምና ዋጋ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ አይበልጥም። ማንም የማንንም ሸክም አይሸከምም፤ ስለዚህ ሁሉም ይሠራል፣ ሁሉም ይበላል።

ከሥራ ስንወጣ ሂርጳ በልብስ ሰፊው በአብዱልሐሚድ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያነብልናል። አብዱልሐሚድ የአካባቢው ተወላጅ ነው፤ በቤቱ የሚናገረው የበርታ ቋንቋ ነው፣ አማርኛውን የያዘው ከደንበኛ ለቅሞ ነው። እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ሳያነሣ ያዳምጣል።

«መምህር፣» አለው አንድ ቀን፣ «በዚያ አገር ገንዘብ የሌለው ሰው ሲያመው የት ይሄዳል?»

«በዚያ አገር ገንዘብ የሌለው ሰው የለም።»

«እንዲያ ከሆነ ጀነት ነው፣ ወላሂ። ጀነት ደግሞ ሳይሞቱ አይገባም።»

ሳቅን። ሂርጳ አልሳቀም።

አብዱልሐሚድ የስኳር ሕመምተኛ ነበር። በየዓመቱ የማኅበረሰብ ጤና መድን መዋጮውን ከፍሎ የመድን ደብተሩን ያሳድሳል። ሂርጳ በዚህ ይበሽቃል። «ለማታውቀው ሰው በሽታ እኮ ነው የምትከፍለው!»

«እሱ ሲያመው እኔ፣ እኔ ሲያመኝ እሱ። ዘካ ማለት ነው» ይላል አብዱልሐሚድ፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ጫማ የአብዱልሐሚድን የቀኝ እግር አውራ ጣት ላጠው። ትንሽ ቁስል ነበረች። በዚያው ሰሞን ጤና ጣቢያው ኢንሱሊን አለቀበት። ባለቤቱ ሀዲል ደብተሩን ይዛ ሄደች። መድኃኒት የሚሰጠው ሠራተኛ ገጹን ገልጦ አየና፣ «ታድሷል፤ ደብተሩ ምንም ችግር የለበትም» አላት። በጀት ስላልተለቀቀ ኢንሱሊኑ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል ተባለ። በሚቀጥለውም እንዲሁ ተባለ። ሦስት ሳምንት ሄደ።

አንድ ጠዋት ሀዲል ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘናት። «መምህር፣ እግሩ ጠቆረ» አለችው ሂርጳን።

ኢንሱሊን ፍለጋ ሁለታችንም ወደ ኪዳኔ ፋርማሲ ሮጥን። ኪዳኔ የሂርጳ የቀድሞ ተማሪ ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ሦስት ብልቃጥ ቀርቶታል፤ ዋጋው ግን ካለፈው ወር ሦስት እጥፍ ሆኗል።

«ኪዳኔ፣ ምነው?»

«መንገድ ተዘግቷል መምህር። እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስተማሩን? ዋጋው ይውጣ፣ ዕቃው ተከትሎት ይመጣል ብለው።»

እያፌዘ አልነበረም። ፈተና ላይ ጽፎ ሙሉ ማርክ ያገኘበት መልስ ነው።

ሂርጳ «አቆይልኝ» ብሎ ገንዘብ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሮጠ። እኔም ኪሴ ባዶ ስለነበር ከባልደረቦቼ ለመሰብሰብ ወጣሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንመለስ ማቀዝቀዣው ባዶ ነበር። አንድ እህል ነጋዴ ለእናቱ ሦስቱንም ወስዷል፤ ከተጠራው ዋጋ በላይ ከፍሎ።

«አቆይልኝ ብዬህ ነበር!» አለ ሂርጳ።

«ቀብድ አልሰጡኝም መምህር» አለ ኪዳኔ፣ አንገቱን ደፍቶ።

በአገረ ውል ቀብድ ያላስያዘ ቅር ሊለው አይችልም። ይህን ደንብ የጻፈው ራሱ ሂርጳ ነው።

የዚያን ዕለት አብዱልሐሚድን አሶሳ ሆስፒታል አደረስነው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ሲመለስ የስፌት መኪናውን በግራ እግሩ ሊረግጥ ሞከረ። ሚዛኑን መጠበቅ አቃተው፤ ስፌቱ ጠመመ፣ ደንበኛው ቀስ በቀስ ሸሸ። በጥር መኪናውን ሸጠ። በየካቲት የቀበሌው ኮሚቴ ቤቱ መጣ። እኔና ሂርጳ ተቀምጠን ነበር። ሰብሳቢው አዲስ ደብተር አውጥቶ፣ «ከእንግዲህ የመክፈል አቅም ከሌላቸው ጋር ተመድበሃል፤ መዋጮህን መንግሥት ይሸፍንልሃል» አለውና ደብተሩን ሲያስረክብ በስልክ ፎቶ አስነሣ።

«ኢንሱሊኑስ መጣ?» አለች ሀዲል።

«እሱ የጤና ጣቢያው ጉዳይ ነው እናቴ።» ከዚያ ወደ ሂርጳ ዞረ፤ የመጽሐፉን ወሬ ሰምቷል። «አዩ መምህር? በእርስዎ አገር ቢሆን ለዚህ ሰው ማን ይደርስለት ነበር?»

«ማንም» አለ ሂርጳ። «እዚህስ ማን ደረሰለት?»

ሰብሳቢው ሌላም ቤት እንደሚቀረው ተናግሮ ተነሣ።

ከዚያ ወዲህ ሂርጳ የመጽሐፉን ደብተሮች ይዞ አልወጣም። ወደ አብዱልሐሚድ ቤት መሄዱንም እያሳሳ ተወው። መንገድ ላይ ክራንቹን ከሩቅ ሲያይ በሌላ በኩል ይታጠፋል። መስከረም ላይ ዝውውር ጠይቆ ግልገል በለስ ተመደበ። እኛን አንድ በአንድ ተሰናበተን፤ እነ አብዱልሐሚድ ቤት ግን አልሄደም።

ሀዲል ገበያ ላይ አግኝታ ያዘችኝ። «ምን አደረግነው? አንድ ቀን ክፉ ተናግረነዋል?»

አብዱልሐሚድ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀምጦ ክርና አዝራር ይሸጥ ነበር። ቀና ሳይል፣ «ተይው፣ አፍሮ ነው» አላት በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ።