የአባ ካሕሳይን ፊት የደበቀው ኮምፒውተር

ኢናቭ የተበላሸ ዕቃ ስታይ እጇ ያሳክካታል። ልጅ ሳለች እስራኤል፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ ራማት ቬርበር ሰፈር ቤታቸው ውስጥ የእናቷን ሬዲዮ ፈታታ መልሳ ስትገጥመው ጥቂት ብሎኖች ተርፈዋት ነበር፤ ሬዲዮው ግን ሠራ። እናቷ ወይዘሮ ይታየሽ ታሪኩን ለጎረቤት ሲያወሩ ስለተረፉት ብሎኖች ትንፍሽ አይሉም። የውትድርና አገልግሎቷን ጨርሳ እንደተመለሰች ፔታህ ቲክቫ መሃል በቤኒ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ተቀጠረች። አማርኛ ትችላለች ተብሎ ስለተወራ ከኢትዮጵያ የመጣ ሽማግሌ ሁሉ ማሽኑን ይዞ ወደ እሷ ይመጣል። አማርኛዋ እንኳ ያን ያህል አልነበረም፤ "አንተ" እና "እርስዎ" አፏ ላይ ይጋፉባታል። ሽማግሌዎቹ ግን ስቀው ያልፉላታል።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አባ ካሕሳይ ከሻአሪያ ሰፈር በአውቶቡስ መጡ፤ ላፕቶፓቸውን በፎጣ ጠቅልለው አቅፈውታል።

"ልጄ፣ ይኸ ማሕሼቭ ፊቴን በላብኝ" አሉ፣ ኮምፒውተሩን በዕብራይስጥ ስሙ ጠርተው።

"ምን በላ?"

"ፊቴን! እኔ እህቴን አያታለሁ፤ ለእሷ ግን ጨለማ ነው የሚታያት። ደሞ እንደ ወፍጮ ይጮሃል።"

እህታቸው ኮከብ ያለችው ትግራይ፣ ሽሬ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ስልኩ ሁሉ ተቋርጦ በሕይወት መኖሯን እንኳ ሳያውቁ ከርመዋል። መስመሩ ከተመለሰ ወዲህ ግን ዓርብ ዓርብ ጠዋት ልጇ ቤት ተቀምጣ ትጠብቃቸዋለች። የእሳቸው ዓይን ስለደከመ የስልክ መስኮት አይበቃቸውም። ባለፈው ዓርብ ኮከብ "ልታየኝ ባትፈልግ ነው እንጂ!" ብላ አኩርፋ ዘግታባቸዋለች።

ቤኒ ከጓዳ ብቅ ብሎ አየና በዕብራይስጥ "ካሜራው ሞቷል፣ ቀይሪው" አለ። ኢናቭም እንደዚያ መሰላት። ከመደርደሪያ አዲስ ካሜራ አንስታ በገመድ ሰካችው፤ ጨለማ። መሰኪያውን ቀየረች፤ አሁንም ጨለማ። ማሽኑ እንደ ምድጃ ጋለ፣ ማቀዝቀዣ ማራገቢያው ጮኸ፣ ጠቋሚዋ ቀስት ስክሪኑ ላይ ተገትራ ቀረች።

"አዲስም አሮጌም ባንዴ አይሞትም" አለች ለራሷ።

ማሽኑን አጥፍታ፣ ከማሽኑ ከራሱ ፕሮግራሞች በቀር ከውጭ የተጨመረ ምንም ሳይጭን እንዲነሳ አደረገችው። ካሜራው ቦግ አለ፤ የአባ ካሕሳይ ፊት ከነነጭ ጢማቸው ስክሪኑን ሞላው። "እልል!" አሉ። እንደ ወትሮው መልሳ ስታስነሳው ፊቱ እንደገና ጠፋ።

"ዕቃው ጤነኛ ነው አባ። አብሮት የሚነሳ አንድ ነገር ነው የሚያንቀው" አለቻቸው።

ስትፈልግ ሁለት ፀረ ቫይረስ አገኘች። አንዱ የከፈተውን ሁሉ ሌላው ይጠረጥራል፣ ሌላው የነካውን ይኸኛው መልሶ ይፈትሻል፤ ማሽኑን ያጋለው ይኸው ነው። አንደኛው ደግሞ ካሜራውን ሌላ ሰው እንዳይሰልልበት ብሎ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል።

"ማን ነው የጫነልህ... የጫነልዎት?"

"ማዖር ልጄ 'ሌቦች በኢንተርኔት ሽማግሌ ያታልላሉ' ብሎ የሆነ ነገር ነካክቷል። ሴት ልጄ ሪቃም መጥታ እንደዚያው ብላ ነካክታለች።"

ኢናቭ ወንድምና እህቱን ባንድ መስመር ደወለችላቸው። አንዳቸውም ሌላው ፕሮግራም መጫኑን አያውቁም ነበር። ወዲያው በዕብራይስጥ "የኔ ይሻላል!"፣ "ያንተ ነው ያበላሸው!" መባባል ጀመሩ። አባ ካሕሳይ ለጥቂት ጊዜ በፈገግታ ሰሟቸውና "በእኔ ምክንያት ስትጣሉ ደስ አይለኝም አልልም። ግን ነገ ዓርብ ነው፤ ይቺ ልጅ ትምረጥ" አሉ።

ካሜራውን የዘጋው የማዖር ነበረና ኢናቭ እሱን አወጣችው፤ "በሰደር፣ ተስተካከለ፣ አለቀ" ብላም አበሰረቻቸው። ካሜራው ግን አልበራም። መልሳ ፈተሸችው። ለካስ ፕሮግራሙ ሲወጣ ከካሜራው ጋር የተጣበቀ ቁራጭ ትቶ ሄዷል። የፕሮግራሙ ሠሪዎች ራሳቸው ያዘጋጁትን ማጽጃ አውርዳ ቁራጩን ጠረገችው፤ የሪቃን ፕሮግራም ደግሞ ከእህታቸው ጋር የሚያገናኛቸውን መስመር እንዲያሳልፍ አዘዘችው። ስታስነሳው ማቀዝቀዣው ዝም አለ።

"እስቲ እንሞክረው" አለች። አባ ካሕሳይ ዓርብን ሳይጠብቁ ደወሉ።

ኮከብ ሽንብራ እየቆረጠመች ብቅ አለች። ወንድሟን ስታይ መቆርጠሟን ተወች፤ ከዚያ እጇን ወደ ስክሪኑ ዘረጋች። በትግርኛ እያወሩ አንድ ጊዜ ይስቃሉ፣ አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ይጠራርጋሉ። ኢናቭ አንዲት ቃል ባይገባትም ከዚያ መነሳት አቃታት።

"ምን አለች?"

"ስታኮርፍ የሰነበተችው እሷ፣ 'ለምን ጠፋህ' ብላ የምትቆጣው እሷ!" አሉ አባ ካሕሳይ። "ደሞ አንቺን ልይ ብላለች፣ ነይ።"

ኢናቭ አንገቷን ወደ ካሜራው አሰገገች። ኮከብ በአማርኛ "ውይ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ? አያበሉሽም እንዴ?" አለቻት። ሱቁን ሊዘጋ ቁልፉን ይዞ የመጣው ቤኒ ነገሩ ባይገባውም፣ በኢናቭ ትከሻ ላይ አሻግሮ ለሽሬ "ሻሎም! ሻሎም!" እያለ እጁን ያውለበልብ ጀመር።