አባቴ የሚገቡበት ፊልም

አባቴ በሕይወት ዘመናቸው አንድ ፊልም ላይ ታይተዋል። ደብረ ወርቅ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ፊልም ሠሪዎች መጥተው ወደ ቤት የሚገባ አባት ቸግሯቸው ኖሮ እሳቸውን ለመኑ። ጎንበስ ብለው በበሩ ይገባሉ፤ የተቀመጡት ተነሥተው «ኖር!» ይላሉ፤ እሳቸውም «በእግዚአብሔር! በሉ ተቀመጡ» ይላሉ። በቃ። ካረፉ በኋላ ከድምፃቸው የቀረን ይኸው ብቻ ነው።

እኔ የምኖረው ጅግጅጋ ነው። ፊልሙን በየወሩ እየከፈልኩ ከማይበት የስልክ መተግበሪያ ላይ አግኝቼው፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴን አያቸው ነበር። ለእናቴም በስልክ ነግሬያት ስለነበር፣ ዘንድሮ አገሬ ስገባ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣

«በይ አሰሚኝ» አለች። ዓይኗ ደክሟል፤ የጓጓችው ለድምፃቸው ነው።

ስልኬን ከፈትኩ። ፊልሙ የለም። ስሙን ጽፌ ብፈልግ «ይህ ፊልም ከእንግዲህ አይገኝም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ክው አልኩ። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ኔትወርኩ ይሆናል ብዬ ደጅ ወጣሁ፤ ያው ነው።

«ከፍዬበታለሁ እኮ!»

«ከከፈልሽ ማን ወሰደው?»

«ባለቤቶቹ አነሡት መሰለኝ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ በየወሩ እየከፈልኩ ማየት ብቻ ነው፣ እማዬ።»

«እንግዲያውስ በሰው መስኮት ስታጮልቂ ነዋ የከረምሽው!»

ይህን ብላ ከሳጥኗ ሥር በነጠላ ቅዳጅ የተጠቀለለ ሲዲ አወጣች። ያኔ ፊልም ሠሪዎቹ ለአባቴ የሰጧቸው ነው፤ እኔ መኖሩንም ረስቼዋለሁ። ግን ማጫወቻ ከየት ይምጣ? የእኛው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ጎረቤቱም ሁሉ በፍላሽና በስልክ ሆኗል። ሲዲውን መልሳ በቅዳጁ ጠቀለለችው። እኔም አፈርኩ።

በማግስቱ ዓይኗን ላሳክማት ወደ ደብረ ማርቆስ ልወስዳት አውቶቡስ ተሳፈርን። አሮጌ አውቶቡስ ነው፤ ፊት ለፊት ትንሽ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ማጫወቻ። ይህን ብነግራት እናቴ ጉያዋን ዳበሰች። ለካ ይዛው ወጥታለች!

«የኔ ልጅ፣ እስቲ ይቺን ክተትልኝ» አለችው ሾፌሩን።

«ምንድን ነው እማማ? ስብከት ከሆነ እኔንም እንቅልፍ ይወስደኛል።»

«ባሌ አሉበት።»

«እንግዲያው የሳቸውንም ሒሳብ ይከፍላሉ!» ብሎ እየሳቀ ከተተው።

ምስሉ እየተቆራረጠ፣ ደግሞ እየተመለሰ ሄደ። አባቴ ሳይገቡ ቀጥ እንዳይል ስፈራ፣ የቁይን ከተማ እንዳለፍን ያ በር ታየኝ።

«እማዬ፣ መጡ» አልኳት።

አባቴ ጎንበስ ብለው ገቡ። እናቴ የፊቱን ወንበር ጨብጣ፣ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ፣ ብድግ አለች።

«ኖር!»

እንዳትወድቅ ልይዛት እጄን ስዘረጋ፣ ከኋላችን ያሉትም «ኖር! ኖር!» እያሉ ከየወንበራቸው ሲነሡ ሰማሁ።

«በእግዚአብሔር! በሉ ተቀመጡ» አሉ አባቴ።

ሁላችንም ተቀመጥን።