ሴራ በሁለት ጆሮ

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ሲጥል የጎረቤት ሶኬት ተቃጠለና ያ የጋለ ፕላስቲክ ሽታ አጥሩን ተሻግሮ እኔ ከተቀመጥኩበት በረንዳ ድረስ መጣ። ሌላ ሰው አፍንጫውን ይይዝ ነበር፤ እኔ ግን ዕድሜዬን በሙሉ እዚሁ አምቦ ኤሌክትሪክ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና ዐይኔን ጨፍኜ ሳብኩት። ያኔ ከሥራ ስመለስ ልብሴ ሁሉ ይህንኑ ይሸት ነበር፤ ልጄ ሌንሴም ገና ከግቢው በር ስገባ፣ "አባ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ቤት አቃጥለህ መጣህ?" ትለኝ ነበር።

ሌንሴ ያን ጊዜ ፕሪፓራቶሪ ገብታለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ትምህርት ቤት ፖለቲካ እንደሚያስተምሩ ማን ነግሮኝ። ስሙን ሲቪክስ ይሉታል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ እሷ ግን ነገር ልቤ የሚገባው በቤቴ ቋንቋ ነው ትልና አንዱን መስመር አንብባ ወደ ኦሮምኛ ትመልሰዋለች፤ ከዚያ መጥረጊያዋን አንስታ ግቢውን እየጠረገች፣ ድምጿን ለቃ፣ ደግማ ደጋግማ ትለዋለች። ቀስ ብሎ ማጥናት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ ከኮኩ ዛፍ ላይ ውሃው ራሷ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሁሉቃ ወንዝ ሞልቶ ከወዲያ ሲያጓራ፣ እኔ የሰው ምድጃ ፈትቼ ሽቦውን ስጠመጥም፣ መንግሥት እንዴት እንደሚመሠረት፣ ዳኛ ለምን ማንንም መፍራት እንደሌለበት ስትል እሰማታለሁ። እንደ መዝሙር ነበር የሚጥመኝ።

በግቢያችን አንዷን ክፍል ለወይዘሮ እታገኝ አከራይተን ነበር። ባሏ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ከጎንደር ተዛውሮ ነው የመጡት። ደግ ሴት ናት፤ ኦሮምኛዋ ግን ከሰላምታ አያልፍም። አንድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

"ኦቦ ደበላ፣ እኔም እናት ነኝ፤ እባክዎ ልጅቷን ይምከሯት።"

"ምን አጠፋች?"

"ጠዋት ማታ ሴራ፣ ሴራ ትላለች። የሚያሴር ሰው እንኳ እንዲህ እየጮኸ አያሴርም።"

ሳቄ አመለጠኝ። ሴራ በእኛ ቋንቋ ሕግ ማለት እንደሆነ፣ ልጅቷም የምትለው "ኦልአንቱማ ሴራ" መሆኑን፣ ይኸውም የሕግ የበላይነት ማለት እንደሆነ አስረዳኋት። ወይዘሮ እታገኝ አፏን በነጠላዋ ይዛ ከእኔ ብሳ ሳቀች። ሌንሴም ስትሰማ መጥረጊያዋን ጥላ ሆዷን ያዘች። ከዚያ ወዲያ የጠዋት ሰላምታቸው፣ "እንዴት አደርሽ፣ ሴረኛዋ?" "ሕግ አክብሬ አደርኩ፣ እትዬ" ሆነ። ወይዘሮ እታገኝ ሽሮዋን ጥዳ፣ እስኪበስል ድረስ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ ዛሬ ምን ተማርሽ እያለች ትጠይቃታለች፤ ልጄም ለእሷ በአማርኛ፣ ለእኔ በኦሮምኛ ታስረዳለች፤ ሁለታችንም ያለ ዩኒፎርም ተማሪ ሆንን።

እኔ ግን ከሳቁ በኋላ አንዲት ነገር ውስጤ ቀረች። አንድ ቃል፣ በአንድ ግቢ፣ ከአፍ ሲወጣ ሕግ ነበር፣ ጆሮ ሲደርስ ሴራ ሆነ። ወይዘሮ እታገኝስ መጥታ ጠየቀችኝ። የማይጠይቅ ሰው ልጄን ቢሰማትስ?

አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ የምትማረውን መምረጫው ሲደርስ ሌንሴ ፖለቲካል ሳይንስ ነው አለች። ባለቤቴ ማርታ፣ ነርስ ትሁንልኝ ብላ ስትጸልይ የከረመች፣ እህል አስጠላት። እኔም ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ፣ "ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ሲባል አልሰማሽም?" አልኳት።

እጄን አየችው። መቼም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጅ ጠባሳ አያጣውም።

"አንተ ኮረንቲን በሩቁ ብትለው ኖሮ እኔ ምን በልቼ አድግ ነበር?" አለች። ቀጠል አድርጋ፣ "ደግሞስ አባ፣ ሁሉም በሩቁ ካለ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?"

መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን የተሸከምኩላት እኔ ነኝ፤ ወይዘሮ እታገኝ ቆሎ ቋጥራላት መጣች፤ አውቶቡሱ ተነስቶ እስኪታጠፍ ድረስ ከማርታ ጋር ሦስታችንም እዚያው ቆመን ቀረን።

ይመስገነው፣ የፈራሁት አልደረሰም። ተመረቀች፤ ዛሬ ሩቅ ከተማ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፣ በበዓል ትመጣለች፣ ሹራብና የጉልበት ቅባት ታመጣልኛለች። ወይዘሮ እታገኝ ባሏ ሲዛወር አብራ ሄደች፤ ማርታም ካረፈች ቆየች። ግቢውን አሁን ነፋሱ ነው የሚጠርገው።

ሌንሴን ስለ ሥራዋ ስጠይቃት ቶሎ አትመልስልኝም። ተነስታ መጀመሪያ መስኮቱን ትዘጋለች። ውጭ ሰው የለም፣ የተከራዮቹም ክፍል ባዶ ነው፣ ከሁለታችን በቀር የሚሰማ የለም። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ታጫውተኛለች። ጆሮዬ ደክሟልና ብዙው ያመልጠኛል፤ ጮክ በይ ግን አልላትም፣ አፏን እያየሁ እሺ፣ እሺ እላታለሁ።