ኃጥአን ወደዚህ

ቁልፍ ቀራጩ በኪዮስኩ ግንባር ላይ «ኃጥአን ወደዚህ!» ብሎ በቀይ ቀለም ጽፏል። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያ ቀን ስታነበው ደሟ ፈላ።

«ስማ አንተ ሰውዬ፣ ደንበኛ እንዲህ ይሰደባል?»

«ምን ስድብ አለው እህቴ! ኃጥእ እኮ በግዕዝ ያጣ ማለት ነው። አጣ የምንለውም ከዚያው የወጣ ነው። ታዲያ ቁልፉን ያላጣ ሰው እኔ ዘንድ ምን ሊሠራ ይመጣል?»

ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ወዲህ መርፌዋ በጠፋባት ቁጥር «ዛሬም ኃጥእ ሆንኩልህ!» ትለዋለች።

ሸሚዙን ራሱ ስለሚተኩሰው አንደኛው እጅጌ ሁልጊዜ እንደተጨማደደ ነው። ሲሠራ ያፏጫል። አንገቱ ላይ ግን በክር ያንጠለጠላት አንዲት አሮጌ ቁልፍ አለች።

«ይቺስ የማን ናት?» አለችው አንድ ቀን።

«የቤቴ ነበረች። መጠጤ ቢያስመርራት ሚስቴ የበሩን ቁልፍ ቀየረችው። እኔም የዚያኑ ለት መጠጥ እርም አልኩ፤ ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ። ግን ማን ይንገርልኝ?»

ልብስ ሰፊዋ ቤቱ የት እንደሆነ ብቻ ጠየቀችው።

ዛሬ ረፋድ ላይ ጃንጥላ የያዘች ሴት መጥታ ጽሑፉን ሁለቴ አነበበችና አንድ አዲስ ቁልፍ መስኮቱ ላይ አኖረች።

«ከዚህ አንድ ቅረጽልኝ።»

ፉጨቱ ቆመ። የጎረቤቱም የስፌት መኪና ጸጥ አለ።

«ማን አጥቶ ነው?» አለ፣ ዓይኑን ከቁልፉ ሳያነሳ።

«አንተ ነሃ!»