የተንሸራተተው ረድፍ

ዲግሪ መማር የጀመርኩት ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ሰመራ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ያንኑ የመዝገብ አያያዝ እማራለሁ። አዋሽ ያሳደግኳት ልጄ ከእኔ አንድ ዓመት ዘግይታ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገባች። የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ስለሚጓተት ግን እኩል ልንጨርስ ሆነ። «በአንድ ክረምት ሁለት ጋውን!» ትለኝ ነበር በስልክ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የክፍል ጓደኛዬ ወሬ ይዞ መጣ። አፋር ነው፤ ጭፍራ የእንስሳት ባለሙያ ሆኖ ይሠራል።

«ቁጭ በይ» አለኝ።

«ትምህርት ሊጀመር ነው እኮ፤ ቆሜ ልስማ።»

«ዳጉ እየተጣደፉ አይሰማም፣ እህቴ።»

አፋር ወሬ ሲለዋወጥ ደንብ አለው፤ ዳጉ የሚሉት ይህንን ነው። ተቀመጥኩ። የጭፍራን ዝናብ ነገረኝ፤ የግመሎቹን ጤና ነገረኝ፤ መንገድ ላይ ማን እንዳገኘው ነገረኝ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«በዓይኔ ያየሁት፣ ማስታወቂያ ተለጥፏል። በጆሮዬ የሰማሁት፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ሊቀየር ነው፤ ስታቲስቲክስ ይጨመራል፤ ያልተመረቀ ሁሉ በአዲሱ ይሄዳል። ከራሴ የጨመርኩት፣ ምንም።»

ክፍሉ ተረበሸ። ምረቃችን የቀረው አንድ ሴሚስተር ነበር።

የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ረቂቅ አስተያየት እንዲሰጥበት ታድሎ ስለነበር ቤት ወስጄ እርሳስ ይዤ አነበብኩት። መጨረሻው ላይ የአቻ ኮርሶች ሰንጠረዥ አለ፤ በግራ የድሮው ኮርስ፣ በቀኝ በአዲሱ የሚተካው። እስከ አምስተኛው ረድፍ ድረስ ልክ ነው። ከዚያ በታች ግን የቀኙ ዓምድ አንድ ረድፍ ወደ ታች ተንሸራቷል። በዚህ ሰንጠረዥ መሠረት እኛ ከሁለት ዓመት በፊት የተማርነው «የቢሮ ደብዳቤ አጻጻፍ» ከ«ስታቲስቲክስ መግቢያ» ጋር አቻ ነው። ደብዳቤ መጻፍ የቻለ ስታቲስቲክስ እንደተማረ ይቆጠርለታል ማለት ነው።

ስህተት መሆኑም፣ እኔን የሚያድነኝ እሱ ስህተት መሆኑም እኩል ገባኝ። ዝም ካልኩ ከልጄ ጋር እመረቃለሁ። ከተናገርኩ አንድ ኮርስ ይጨመርብኛል፤ የዘንድሮው ምረቃ ያመልጠኛል። ዝም ለማለት ወሰንኩ። ሳምንቱን ሙሉ ግን መሥሪያ ቤት ማኅደር በከፈትኩ ቁጥር ያ ረድፍ ይታየኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስብሰባ ተጠራን። ዲኑ ወጣትና ትሑት ሰው ነው።

«አትደንግጡ» አለ። «በአቻ ሰንጠረዡ መሠረት ከእናንተ የሚጎድል ኮርስ የለም።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«ሌላ አስተያየት?»

አጠገቤ የተቀመጠችው የባንክ ሠራተኛ ዞር ብላ አየችኝ። «እትዬ፣ ምነው እጅዎን አወጡ?»

እጄ ወጥቶ ነበር።

ተናገርኩት። ገጹንም፣ ረድፉንም። ዲኑ ወረቀቱን አገላብጦ «ደብዳቤ አጻጻፍ... ስታቲስቲክስ...» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

«እውነትዎን ነው።»

«እትዬ፣ ምን አለ ዛሬ ቤትዎ ቢውሉ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ለራሳቸው ጉድጓድ ቆፍረው እኛንም ጨመሩን!»

የጭፍራው ጓደኛዬ ተነሣ። «ወላሂ፣ እኔም ስታቲስቲክስ አልፈልግም፤ ፍየል መቁጠር ይበቃኛል። ግን እኛ ዘንድ የተበላሸ ወሬ እያወቀ ያሳለፈ ሰው ሁለተኛ ወሬ አይጠየቅም። ነገ አንድ ቀጣሪ ይህን ሰንጠረዥ ቢያይ ማን ያምነናል?»

ማንም አላጨበጨበለትም። ሰንጠረዡ ግን ታረመ፤ ስታቲስቲክስም በክረምቱ እንዲሰጠን ተወሰነ። በዚያ በሚያቃጥለው የሰመራ ክረምት! የባንክ ሠራተኛዋ ለሦስት ሳምንት ሰላምታ ነፈገችኝ።

ለልጄ ደወልኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ስንት ሰው ተቆጣሽ?»

«ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም።»

«እኔንም ጨምሪኝ፣ እማዬ። ብቻዬን ልመረቅ ነዋ?»

«እመጣለሁ። እልል እልልሻለሁ።»

«አንቺ? አንቺ እልል ማለት ትችያለሽ?»

በምረቃዋ ዕለት ቻልኩ፤ ባያምርም ቻልኩ። እሷም ጋውኗን መልሳ በሳምንቱ ሰመራ መጣች። ሙቀቱ እንዲበርድልን የራሰ አንሶላ መስኮቱ ላይ ሰቀለች፤ ደብተሬን ገለጠች፤ እንደ መምህር ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አማካይ ማለት ሁሉንም ደምሮ ለብዛታቸው ማካፈል ነው።»

«መጽሐፉ ላይ በመጀመሪያ የተጻፈው ስለ መረጃ አሰባሰብ ነው» አልኳት። «አንድ ምዕራፍ ዘለልሽ።»

«እማዬ!»

ግን ገጹን መልሳ ገለጠች።