ፍተሻውን አጨብጭበው ሄዱ

ልጄ ከበሮ የምትመታበት ባንድ ሮክን፣ ሂፕሆፕን፣ ሬጌንና የዲጄ ጭፈራ ሙዚቃን ይቀላቅላል። እሷ ፊውዥን ትለዋለች። እኔ በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ አራት ጎረቤቶች ጠብ እለዋለሁ። ሬጌው ሲጀምር ትከሻህን ላላ ልታደርግ ስትል ሮኩ ጆሮ ግንድህን ይልሃል፤ ምን አጠፋሁ ሳትል አንዱ በሂፕሆፕ ይሰድብሃል፤ በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ቤት እንደተቃጠለበት ሰው ኡኡ ይላል። የሚለማመዱት እኔ ጋራዥ ውስጥ ስለነበር መኪናዬ ዊንተሩን ሙሉ በረዶ ተሸክማ ውጭ አደረች። ሰፈራችን ቤክስሊ ያሉ ውሾች ከዚያ ወዲህ ምት ጠብቀው ነው የሚጮኹት ይባላል። ያልኩት እኔ ነኝ፤ ግን ይባላል።

ፍራንክሊንተን ያለ አንድ አዳራሽ ለአንድ ምሽት ፈቀደላቸው። ባለቤቱ ቁርጡን ነገራቸው፤ አዳራሹን በሰው ከሞላችሁ በየወሩ ትጫወታላችሁ፣ ካልሞላችሁ በዚሁ እንሰነባበታለን። ልጄ እንቅልፍ አጣች። ከኮሌጅ ጀምሮ የለፋችበት ነገር ነው። ጓደኞቿን ቴክስት ብታደርግ ሁሉም የልብ ምስል ላኩላት። ልብ ደግሞ ወንበር ላይ አይቀመጥም።

"ለእኔ ተዪው" አልኳት።

"ዳድ፣ ፕሊስ፣ ዶንት!"

በዚህ ከተማ ያልጨፈርኩበት ሠርግ፣ ያላለቀስኩበት ለቅሶ የለም። የማላውቀው ሰው ሞቶ ከልጆቹ በላይ አልቅሼ ልጆቹ እኔን አጽናንተውኛል። ስለዚህ ብድሬን ጠየቅኩ። ሾው የሚጀምረው ማታ ሁለት ሰዓት ነው። ሕዝባችንን ስለማውቅ አንድ ሰዓት ነው ብዬ ጠራሁ። ሚስቴም ሕዝባችንን ታውቃለች፤ እኔን ደግሞ አታምነኝም። ሳትነግረኝ ለሁሉም ደውላ አሥራ አንድ ሰዓት ነው አለች።

እንደ ወጉ አርፍደው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አዳራሹን ግጥም አደረጉት። ወንዶቹ ሱፍ ለብሰው፣ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ኒው አልባኒ መጋዘን የሚሠሩት የሥራ ባጃቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ። ኋላ ልጄ እንደነገረችኝ ባንዱ መድረክ ላይ ድምፅ እየፈተሸ ነበር። ከበሮውን አንዴ ዱም ስታደርገው ሕዝቡ አጨበጨበ። ዘፋኙ፣ ግማሽ ፀጉሩን ሰማያዊ ያስቀለመ ልጅ፣ "ቼክ፣ ዋን፣ ቱ" ሲል እልል ተባለ። ማይኩ ሲያፏጭ ከኋላ አንዱ "ይደገም!" ብሎ ጮኸ። ልጆቹ ፈትሸው ሲጨርሱ ፒዛ ሊበሉ ወደ ጓዳ ገቡ። ሕዝቡም ተነስቶ፣ ተሳስሞ፣ ወደየቤቱ ሄደ።

እኔና ሚስቴ ስንደርስ ልጄ ባዶው አዳራሽ መሐል ቆማለች። ገና አሁን የመጣው የአዳራሹ ባለቤት ባሩን ተደግፎ ሰዓቱን ያያል። ይህቺ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በአማርኛ ስትጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። ያን ቀን ግን "አባዬ፣ በናትህ ጥራቸው" አለችኝ። ያዘጋጀሁትን ቀልድ ሁሉ ትቼ ስልኬን አወጣሁ።

የሁላችን ሽማግሌ ለሆኑት ሰው ኮል አደረግኩ። እሳቸው ከተነሱ የማይነሳ የለም።

"ጋሼ፣ የት ናችሁ?"

"ቤት ገባን እኮ። ጥሩ ነበር። አጠር አለ እንጂ።"

"ጋሼ፣ ገና አልጀመረም! መሣሪያ እየሞከሩ ነው የነበሩት።"

"ታዲያ ከዚያ የባሰ አለ?"

"አለ፣ ጋሼ።"

"ጫማዬን አውልቄያለሁ።"

"የእናትዎ መርዶ የመጣ ጊዜ ወንበር ሲሸከም የከረመው ማን ነበር?"

"አንተ ሰው፣ ለአንተ ባለዕዳ ከመሆን ሞት ይሻላል!" ብለው ዘጉት።

መጡ። ጋሼ ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ፣ አንዳንዱ በነጠላ ጫማ። መቆሚያ ጠፋ። ባንዱ ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ከፍተሻው የሚለየው መብራቱ ብቻ ነው። እናቶች በነጠላቸው ጆሯቸውን ሸፈኑ። ሬጌው ላይ ሁለት ጎልማሶች በእስክስታ ሊገቡ ሲሉ ሮኩ መንገድ ላይ ጥሏቸው ሄደ። ቢሆንም አንድም ሰው አልወጣም። ጋሼ ወንበር ስበው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ በእሳቸው ፊት ማን ይወጣል? ልጄን አየኋት። ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ አንድ ምት አልሳተችም። በእርግጥ ጎበዝ ናት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ እኔም የማስጠብቀው ስም አለኝ።

ሲያልቅ ባለቤቱ መጥቶ የጋሼን እጅ ጨበጠና ባንዱን እንዴት አገኙት ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

"እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፣ ከእንግዲህም እግዜር አያሰማኝ በለው። ግን ልጅቷ ልጃችን ናት፤ ምን ይደረጋል።"

"በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም" አልኩት በእንግሊዝኛ። አልዋሸሁም፤ አሳጠርኩ እንጂ።

ሰውየው ፊቱ በራ። ወደ ልጄ ሄዶ የወሩ መጨረሻ አርብ ሁልጊዜ የእናንተ ነው አላት። ጮኻ ከነላቧ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"ምን አላት?" አሉ ጋሼ።

"በየወሩ እንዲጫወቱ ፈቀደ።"

"እሰይ! እሰይ የእኔ ልጅ!" አሉ። ከዚያ ክንዴን ያዙ። "በየወሩ ስትል... እኛም?"

"እርስዎማ ዋናው ነዎት፣ ጋሼ።"

ኮታቸውን ደርበው ወደ በሩ አዘገሙ። "ሰው የሚያገባውም አንዴ፣ የሚሞተውም አንዴ ነው" አሉ ወደኋላ ሳይዞሩ፤ "የአንተ ልጅ ግን በየወሩ!"