ሁለት ሊፕስቲክ

ሳሙና ልገዛ ተራ ስጠብቅ አንዲት ሴትዮ ከፊቴ ቆማ ነበር። ግራጫ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋዋለች። ከንፈሯ ቀለም አያውቅም፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከቦርሳዋ ሁለት ሊፕስቲክ አወጣች። አንዱ ክዳኑ በዕድሜ የደበዘዘ፣ ግን እምብዛም ያልተነካ ነው። ሌላው አዲስ ነው፤ ግን ተጋምሷል።

"ልጄ፣ ፊደሉ ደቀቀብኝ። ከምን ከምን እንደተሠሩ አንብቢልኝ፤ አንድም እንዳትዘዪ።"

ሻጯ አነበበችላት፤ የጉሎ ዘይት፣ የንብ ሰም፣ ቀይ ቀለም፣ ሽቶ። ሴትዮዋ በእያንዳንዱ ስም አንድ ጣት ታጥፋለች።

"አንድ ናቸው፣ እትዬ።"

"የጉሎ ዘይቱ ሁለቱም ላይ አለ?"

"አለ እንጂ! መጀመሪያ የሚጻፈው የሚበዛው ነው፤ ሁለቱም ላይ መጀመሪያ ያለው እሱ ነው።"

ሴትዮዋ የታጠፉ ጣቶቿን ሳትፈታ አሮጌውን አነሳች።

"ይሄ የኔ ነው። ባለቤቴ ስትስሚኝ የጉሎ ዘይቱ ፊቴን ያሳክከኛል ስላለኝ አሥራ አንድ ዓመት አልተቀባሁም። እንዲያውም አዝኜለት ቅባት የምገዛለት እኔ ነበርኩ።"

አዲሱን በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገችው።

"ይሄን ግን ዛሬ ጠዋት ከባለቤቴ ኮት ኪስ አገኘሁት። ፊቱን አገላብጬ አየሁት፤ አንዲት ሽፍታ የለበትም።"